ትንሽ ልጅ የምትሉትን እንዲሰማችሁ፦ ከዝግጅት እስከ "አሁንም አልሰማ አለኝ"

"ስንቴ ልንገርህ!" ዛሬ ይህን ብላችሁ ከሆነ መመሪያው ለእናንተ ነው።

ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መጫወቻ ይደረድራል። እናንተ ሌላ ክፍል ሆናችሁ "ጫማህን አምጣ" አላችሁ። ዝም። ደገማችሁ። አሁንም ዝም። ሦስተኛው ላይ ድምፃችሁ ከፍ አለ፣ አራተኛው ላይ ጮኻችሁ። ልጁ ደንግጦ ቀና አለ። እናንተ ተናዳችኋል፣ እሱ ሊያለቅስ ነው፣ ጫማው ካለበት አልተነቃነቀም።

ጆሮ ዳባ ልበስ ያላችሁ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። ትልቅ ሰው የያዘውን ሥራ ሳይለቅ ከጎኑ የሚወራውን ሊከታተል ይችላል። ትንሽ ልጅ ይህን ገና አልቻለበትም። ዓይኑና እጁ አንድ ነገር ላይ ከተጠመዱ ለጆሮው የሚተርፍ ትኩረት የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥሪዎች ለእሱ የሉም። የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመናገር በፊት ይጀምራል። ከታች ያለው ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው፤ ለሕፃናት የሚሆነውን በየቦታው እጠቅሳለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚከሽፍበት ደረጃ 7 ላይ ስለሚጀምር ነው።

ደረጃ 1፦ ጆሮውን አስመርምሩ

ይህን የምትዘሉት ልጁ በቅርቡ ተመርምሮ ደህና ከተባለ ብቻ ነው።

ጉንፋን ከያዘው በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚህም ማንም አያስተውለውም። ልጁ ግን የሚሰማው ጆሮውን በጣቱ የደፈነ ሰው እንደሚሰማው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ እስከዚያ ግን በየቀኑ "አትሰማም" እየተባለ ሊቆጡት ነው። እኔ ራሴ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስጨቀጭቀው የነበረው ልጅ ሁለቱም ጆሮው ፈሳሽ ይዞ ነበር። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ ያዙ፦

- አንድ ቀን ይሰማል፣ ሌላ ቀን አይሰማም
- የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል ወይም ተጠግቶ ይቀመጣል
- ስትናገሩ አፋችሁን ትኩር ብሎ ያያል
- ደጋግሞ "እ?" ይላል፣ ወይም የተባለውን ትቶ ሌላ ነገር ያመጣል

*ማስጠንቀቂያ፦* ከጀርባው አጨብጭባችሁ ቤት ውስጥ "ፈተንኩት" አትበሉ። ጥላችሁን አይቶ ወይም የወለሉ ንዝረት ተሰምቶት ሊዞር ይችላል። ደግሞም ጭብጨባ መስማትና ንግግር አጥርቶ መስማት ለየቅል ናቸው። ሲወለድ የተደረገለትን ምርመራ ማለፉም ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ የመስማት ችግር ከዚያ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ጸጥ አድርጉ

ማንም የማይመለከተውን ቴሌቪዥን አጥፉት። ሬዲዮውንም። ስልክ ላይ የምታዳምጡት ነገር ካለ አቁሙት። ድምፁን መቀነስ ሳይሆን ማጥፋት ነው ያልኩት።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። እኛ በወሬ በተሞላ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ስማችንን ቢጠራ ጆሯችን ይቆማል። ሕፃናት ይህን ይችሉ እንደሆነ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሮሼል ኒውማን ፈትናለች፤ ውጤቱን ያሳተመችው በ2005 ነው። የ5 ወር ሕፃናት ከሌሎች ሰዎች ወሬ መሐል ስማቸውን የለዩት የጠሪው ድምፅ ከወሬው በ10 ዲሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ሲበልጥ ነበር። ልዩነቱ ወደ 5 ዲሲቤል ሲወርድ አቃታቸው። የ9 ወሮቹም እንደዚያው። በ5 ዲሲቤል የቻሉት የ13 ወር ልጆች ናቸው። 10 ዲሲቤል ለጆሮ እጥፍ ያህል የጎላ ድምፅ ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ እያወራ ትንሽ ሕፃን እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ ከቴሌቪዥኑ እጥፍ መጮህ አለባችሁ ማለት ነው። ማጥፋቱ ይቀላል።

ችሎታው ከዓመት ዓመት ያድጋል፤ የሚጠናቀቀው ግን ጉርምስና ላይ ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ አፉ ቢፈታም በጫጫታ ውስጥ እንደ እናንተ አይሰማም። በተለይ የሌላ ሰው ወሬ ይረብሸዋል። አንድ ወጥ የሆነ የማራገቢያ ድምፅ ከሰው ወሬ ይሻላል፤ ወሬ ቃል ስላለው ጆሮውን ይጎትተዋል።

ክፍሉ ባዶና ወለሉ ጠንካራ ከሆነ ድምፅ ያስተጋባል፣ ቃሉም ይደበላለቃል። ምንጣፍና መጋረጃ ይረዳሉ። ካልሆነ ደግሞ ቅረቡት፤ ወደዚያው እየሄድን ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ምረጡ

የራበው፣ እንቅልፍ የመጣበት ወይም እያለቀሰ ያለ ልጅ ትእዛዝ አይቀበልም። መጀመሪያ የጎደለውን ሙሉ። ጨዋታ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ጠብቁ፤ የሚደረድረው ሲፈርስ ወይም መኪናው መንገዱን ሲጨርስ ራሱ ቀና ይላል። ያቺ ቅጽበት የእናንተ ናት።

ደረጃ 4፦ ቅረቡና ዝቅ በሉ

1. ተነሡ። ከሌላ ክፍል መጥራት ይቅር። አውቃለሁ፣ እጃችሁ ሥራ ይዟል። ግን አራት ጊዜ ከመጮህ ስድስት እርምጃ መሄድ ይቀላል።
2. አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቁሙ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ክፍት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ድምፃችሁ ለጆሮው 6 ዲሲቤል ያህል ይጨምራል። ክፍል ውስጥ ከዚህ ያንሳል፤ ቃላቱ ግን ጠርተው ይደርሱታል።
3. ተንበርከኩ ወይም ቁጢጥ በሉ። ፊታችሁ ከፊቱ ትይዩ ይሁን።
4. መስኮቱ ከጀርባችሁ እንዳይሆን ዙሩ። ብርሃን ከኋላችሁ ከመጣ ፊታችሁ ይጨልምበታል።
5. አፋችሁን በእጅ ወይም በስልክ አትሸፍኑ። ሕፃናት ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ የሚናገርን ሰው አፍ አተኩረው ያያሉ። ድምፅና የከንፈር እንቅስቃሴን አያይዘው ነው ንግግር የሚማሩት።

*ማስጠንቀቂያ፦* አገጩን ይዛችሁ ፊቱን ወደ እናንተ አታዙሩ። "ዓይኔን እይ!" እያላችሁም አታስገድዱ። አንዳንድ ልጅ ወለሉን እያየ ይበልጥ ይሰማል። የምትፈልጉት ምልክት ዓይን ብቻ አይደለም፤ እጁ ሥራውን ካቆመ፣ አንገቱ ትንሽ ከዞረ ወይም ጸጥ ካለ በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ ስሙን አንዴ ጥሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ

ሕፃን የስሙን ድምፅ ከሌላ ስም መለየት የሚጀምረው 4 ወር ተኩል ገደማ ላይ ነው። ስም ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ እኛ ግን እንዲደንዝ እናደርገዋለን። "ተው" ለማለት ስሙን፣ ለቁጣ ስሙን፣ ለምክር ስሙን። ልጁ ስሙን ሲሰማ ነገር መጣ ብሎ ጆሮውን ይዘጋል።

ስለዚህ፦

1. ስሙን በለሰለሰ ድምፅ አንዴ ጥሩ። ብዙ ቁልምጫ ካለው ለመጥሪያ አንዱን ምረጡ።
2. በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ምንም አትጨምሩ።
3. ካልዞረ ትከሻውን ቀስ ብላችሁ ንኩ።
4. ሲዞር ፈገግ በሉ። በቃ፣ ጆሮው የእናንተ ነው።

በቀን ሁለት ሦስቴ ደግሞ ምንም ልታዙት ሳይሆን ጥሩት። ሲዞር እቅፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ ሥራ እንደማይከተል ይወቅ።

ደረጃ 6፦ እሱ ካለበት ተነሡ

እሱ ኳሱን እያየ እናንተ ስለ ኩባያው ብታወሩ ቃሉ አየር ላይ ይቀራል። ቃል በደንብ የሚያዘው ልጁ በዚያች ቅጽበት ከሚያየው ነገር ጋር ሲገጥም ነው። አዲስ ቃል ለማስተማርም ሆነ ሥራ ለማዘዝ ሕጉ ያው ነው።

መጀመሪያ የያዘውን ጥሩለት። "ረጅም ግንብ ሠራህ!" ቀና ሲል ድልድዩን ዘርጉ፦ "ግንቡ እዚህ ይጠብቅሃል። አሁን ጫማ።" ጫማውንም በጣት አሳዩት። ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ልጆች ሰው የሚያየውንና የሚጠቁመውን መከተል ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ጣታችሁ የንግግራችሁ አካል ነው።

ይህ ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ደረጃ 7፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ

አቅሙን እወቁ። 15 ወር አካባቢ ልጅ የሚታዘዘው ቃልና ምልክት አብረው ሲመጡ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ "ስጠኝ" ስትሉት ይሰጣል። 18 ወር ላይ ምልክት ሳይኖር አንድ ቀላል ሥራ ይሠራል። ሁለት ሥራ አያይዞ የሚጨርሰው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ለብዙዎቹ ልጆች ነው፤ ትንሽ የሚቀድምም የሚዘገይም አለ።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። ቋንቋችን ለትንሽ ልጅ ሦስት ወጥመድ አለው።

*ወጥመድ አንድ፦ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው።* "ያንን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀይ ኩባያ አንሥተህ ለእህትህ ስጣት።" ልጁ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። እዚያ እስኪደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ቆራርጡት፦ "ኩባያውን አንሣ።" ጠብቁ። አነሣ። "ለእህትህ ስጣት።"

*ወጥመድ ሁለት፦ "አት"።* "አትሩጥ" ስትሉ ክልከላው መነሻዋ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ድምፅ ናት። እሷ ካመለጠችው የቀረው ምንድን ነው? "ሩጥ!" ልጁም ይሮጣል። የማትፈልጉትን ትታችሁ የምትፈልጉትን ንገሩት። ለ"አትሩጥ" ምትክ "ቀስ ብለህ ሂድ"፣ ለ"አትጩህ" ምትክ "በቀስታ አውራኝ"፣ ለ"አትወርውር" ምትክ "መሬት ላይ አስቀምጠው"።

*ወጥመድ ሦስት፦ "ከ... በፊት"።* "ከመውጣትህ በፊት ጫማህን አድርግ" ስትሉ መጀመሪያ የሰማው መውጣትን ነው። ትንንሽ ልጆች ነገሩን በሰሙበት ቅደም ተከተል መሥራት ይቀናቸዋል። በሩ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በባዶ እግሩ። በሚሠራበት ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ "መጀመሪያ ጫማ። ከዚያ እንወጣለን።"

ደግሞ ምርጫ የሌለውን ነገር በጥያቄ አታቅርቡ። "ጫማህን ታደርጋለህ?" ካላችሁት "አላደርግም" ማለት መብቱ ነው። ጠይቃችሁታላ።

ስለ ድምፅ፦ ዘገም ያለ፣ ትንሽ ቀጠን ያለና ዜማ ያለው ንግግር ሕፃናትን ይስባል። በብዙ ቋንቋዎች ወላጆች ሳያስቡት እንዲህ ያወራሉ፤ አትፈሩበት። ቃሉን ግን አታጣሙት። ዜማው የልጅ ይሁን፣ ቃሉ ትክክለኛው ቃል ይሁን። ጩኸት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ልጁ የሚይዘው ቁጣውን እንጂ የተባለውን አይደለም።

ደረጃ 8፦ ጠብቁ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ለልጁ ሳይሆን ለእኛ።

ከተናገራችሁ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ዝም በሉ። ልጁ ቃሉን መለየት፣ ትርጉሙን ማግኘት፣ የያዘውን መተውና ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት። እናንተ በቅጽበት የምትሠሩትን እሱ ጊዜ ወስዶ ይሠራዋል። በመሐል "ሰማኸኝ? ጫማ ነው እኮ ያልኩት፣ ቶሎ በል እንጂ" ካላችሁ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

የግድ መድገም ካለባችሁ አንዴ ብቻ፣ *በዚያው ቃል* ድገሙ። "ጫማህን አምጣ" ብላችሁ ከነበረ "መጫሚያህ የት አለ?" አትበሉ። ለእናንተ አንድ ነው፤ ለእሱ አዲስ ዓረፍተ ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ ሦስተኛ ጊዜ አትናገሩ፣ አድርጉ

ሁለት ጊዜ ብላችሁ ካልሆነ ንግግሩ አብቅቷል። እጁን በቀስታ ያዙ፣ አብራችሁ ወደ ጫማው ሂዱ፣ አብራችሁ አንሡ። ቁጣም ንግግርም አይጨመር። ሲያልቅ የሠራውን ስም ስጡት፦ "ጫማህን አመጣህ።" "ጎበዝ" ብቻውን ምን እንዳደረገ አይነግረውም።

ስድስት ጊዜ የምትናገሩ ከሆነ ልጁ የሚማረው ስድስተኛውን መጠበቅ ነው። ብልህ ነው፣ ምን ያድርግ።

ደረጃ 10፦ ጆሮውን አለማምዱ

በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል። ከሚከተሉት አንዱን ምረጡ፣ ሲሰለቸው ወዲያው አቁሙ።

- ቁም–ሂድ። "ሂድ" ስትሉ ይሮጣል፣ "ቁም" ስትሉ ይደርቃል። ከ2 ዓመት ጀምሮ ይሆናል። ይህን ጨዋታ አትናቁ፤ ለምን እንደሆነ ታች ታገኙታላችሁ።
- የድምፅ አደን። ዓይን ጨፍኖ ማዳመጥ፦ ምን ይሰማሃል? ውሃ፣ በር፣ ወፍ።
- ሹክሹክታ። ጆሮው ሥር በለሆሳስ የሆነ ነገር ንገሩት፣ እሱም ለሌላ ሰው ያድርስ። ለ4 ዓመት ልጅ።
- ያው መጽሐፍ። "እንደገና!" ሲላችሁ አትሰልቹ። አንዱን ታሪክ ደጋግሞ የሚሰማ የ3 ዓመት ልጅ፣ በየቀኑ አዲስ ታሪክ ከሚነበብለት ይበልጥ አዳዲስ ቃላቱን ይይዛል። ታሪኩን ስለሚያውቀው ትኩረቱ ለቃላቱ ይተርፋል።

ሲበላሽ

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ደረጃ 6ን ዘላችኋል። ስለ ጨዋታው አንድ ቃል ሳትናገሩ ወደ ትእዛዝ ገባችሁ። ከዚያ ጀምሩ።

"እሺ" ይላል፣ ንቅንቅ አይልም። "እሺ" ማለትን ተምሯል፤ ስትሰሙት ትሄዱለታላችሁና። አትሂዱ። እዚያው ቆማችሁ "ምን ልታደርግ ነው?" በሉት። ከ3 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በራሱ ቃል ሊመልስ ይችላል። ካልቻለ አልሰማም ነበር።

ስክሪን ላይ ሲሆን ጭራሽ አይሰማም። ከስክሪን ጋር በድምፅ አትወዳደሩ። ሄዳችሁ ጎኑ ተቀመጡ፣ ትንሽ አብራችሁ እዩ፣ "ይቺ ስታልቅ እናጠፋለን" በሉ፣ ስታልቅ አጥፉ። ትእዛዙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጠፍቶ ቢያለቅስ ለቅሶው እስኪበርድ ጠብቁ።

ለአባቱ ይሰማል፣ ለእኔ ግን አይሰማም። አንድ ቀን ዝም ብላችሁ አባቱን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ያ ሰው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ያዛል፣ ቀርቦ ይናገራል፣ ያለውንም ይፈጽማል። እናንተ ቀኑን ሙሉ ስታወሩ ውላችኋል። ለሦስት ቀን ትእዛዛችሁን በግማሽ ቀንሱ።

ሁለት ልጆች አሉ፣ "ኑ" ስል ማንም አይመጣም። "ኑ" የማንም ስም አይደለም። አንዱን በስሙ ጥሩ፣ ሲዞር ሁለተኛውን ጥሩ፣ ከዚያ ተናገሩ።

ቤት ውስጥ በሁለት ቋንቋ እናወራለን፣ እሱ ይሆን ያደናገረው? አይደለም። ቋንቋ አትቀንሱ። አንዱን ትእዛዝ ግን በሁለት ቋንቋ እየቀላቀላችሁ አትድገሙበት፤ ደረጃ 8 ላይ ያልነው ነው።

መንገድ ላይ አይሰማም። እዚህ ላይ ቃል አትመኑ። መኪና ባለበት እጁን ያዙ፣ አለቀ። ጫጫታው ብዙ ነው፣ የሚስበው ነገር ብዙ ነው፣ የ3 ዓመት ልጅ ኳስ ሲያይ ድምፃችሁን ላይሰማ ይችላል። "ቁም–ሂድ"ን ያለማመድነው ለዚህ ነው፤ "ቁም" የሚለው ቃል ለአደጋ ብቻ የሚጮህ ቃል ይሁን። ቢሆንም ያዙት እጁን።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው

- በ9 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ
- በ15 ወሩ አንድም ቃል ለመናገር የማይሞክር ከሆነ
- በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር ከሆነ
- በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ቃል ወይም ይመልስ የነበረውን ጥሪ ካቆመ

የመጨረሻውን አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት። "ወንድ ልጅ ይዘገያል"፣ "አጎቱም እንዲህ ነበር" የሚሉ ይኖራሉ። አዳምጧቸው እንጂ ቀጠሮውን አትሰርዙ።

ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ስትጠሩት የሚሆነውን በስልክ ቅረጹ፤ ልጅ ሐኪም ፊት ባሕርይው ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፦ መቼ ጠራችሁት፣ ከየት ሆናችሁ፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ፣ ዞረ ወይስ አልዞረ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።